ወራጅ አለ!

ሁዳዴ ሲገባ አዲስ አበባ ለሁለት ትከፈላለች። አንደኛዋ ከተማ ሥጋ ቤቷን ዘግታ፣ ቢላዋዋን ሰቅላ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ከቀትር በኋላ ቅዳሴ ትሄዳለች። ሁለተኛዋ ካፌ በር ላይ «የጾም ኬክ አለ»፣ «የጾም ማኪያቶ አለ»፣ «የጾም በርገር አለ» የሚል ወረቀት ትለጥፋለች። ክፋቱ ሁለቱ ከተሞች አንድ ሰው ውስጥ ተስማምተው መኖር መቻላቸው ነው። እስከ 9 ሰዓት ቆሞ አስቀድሶ፣ ጉልበቱ እየተብረከረከ ወጥቶ፣ በቀጥታ የጾም ኬክ ወዳለበት ካፌ የሚያመራ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልናገርም፤ ስሜ ነው።

ከሁዳዴ በፊት ያለችውን የቅበላን ሰሞንማ አታንሷት። በዚያ ሰሞን የሚበላው ለሚመጡት 55 ቀናት ስንቅ ነው። ሰው በሠርግ ያላገኘውን ዘመድ ክትፎ ቤት ያገኘዋል። እሑድ ማታ ሆዱ ተነፍቶ ይተኛል፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ኅሊናው ተነፍቶ ይነሳል። እኔን ጉድ የሠራኝ ይህ ሁለተኛው መነፋት ነው።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን መጋቢት 2 ቀን ሰኞ ዕለት አንድ ላይ ገቡ። መሥሪያ ቤታችን ምሳ ሰዓት ላይ ጭር አለ። ክርስቲያኑ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ ሙስሊሙ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሲጠብቅ የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ በር ላይ ቆሞ መንገደኛ ይቆጥር ነበር። ሀገር በሙሉ ሲጾም እኔ ተራ ጾመኛ ሆኜ መቅረቱ አልተዋጠልኝም። ምክንያቱም ማር ይስሐቅን ገዝቼ ነበር።

ማር ይስሐቅ ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። ደራሲው በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ መነኩሴ ሲሆን ትውልዱ ከዛሬዋ ኳታር አካባቢ ነው። እኛ እኅቶቻችንን እንጀራ ፍለጋ ወደ ኳታር ከመላካችን ከ1300 ዓመት በፊት ያ አካባቢ ለዓለም መምህር ሰጥቶ ነበር ማለት ነው። ሰውየው የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተሾመ፤ በአምስት ወሩ ሹመቱን ትቶ ወደ በረሃው ተመለሰ። ሹመት በአምስት ወር የሚለቅ ሰው አይቼ ስለማላውቅ መጽሐፉን ገና ሳልከፍተው ወደድኩት።

በአብነት ትምህርት ቤት መጽሐፈ መነኮሳት ከአራቱ የትርጓሜ ጉባኤያት አንዱ ነው። ብሉዩ፣ ሐዲሱና ሊቃውንቱ ባሉበት ተርታ የሚቆም ትምህርት ነው፤ ተማሪው መምህር ፊት ተቀምጦ፣ እየተጠየቀና እየተገሠጸ ዓመታት ይፈጅበታል። እኔ በቅበላ እሑድ፣ በሶፋ ላይ ተጋድሜ፣ ክትፎው እየተብላላ፣ ደስ ያለኝን ገጽ እየገለጥኩ ጀመርኩት።

ሊቃውንቱ መንፈሳዊውን ጉዞ በሦስት ከፍለው ያስተምራሉ፤ ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስ፣ ንጽሐ ልቡና። በእነዚህ ውስጥ ዐሥር ማዕረጋት አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጽማዌ፣ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ ይባላሉ። ጽማዌ አንደበትን መግታት ነው፤ ልባዌ ማስተዋል፤ ጣዕመ ዝማሬ ደግሞ ከአፍ የሚወጣው ጸሎት ለልብ መጣፈጥ ሲጀምር ነው። መጨረሻው ቅድስት ሥላሴን በልቡና ዓይን ማየት ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዐሥር ማዕረግና 55 ቀን ባንድ ገጽ ላይ ሳይ እጄ ማካፈል ጀመረ። ለአንድ ማዕረግ አምስት ቀን ተኩል ይደርሳል። ለትንሣኤ ዶሮው ሲቀርብ እኔ ከቅዱሳን ተርታ ነኝ።

ጽማዌ ሰኞ ጠዋት ጀሞ ታክሲ ተራ ላይ ተጀመረች።

ሚኒባሱ ሲሞላ ረዳቱ እጁን ዘረጋ። «ሒሳብ፣ ወንድሜ! የት ነህ?» ብሩን ሰጠሁት። «የት ነህ አልኩህ?» በጣቴ ወደፊት አመለከትኩ። «ወደፊትማ ሁላችንም ነን» አለና መልሱን ይዞ ወደሚቀጥለው ዞረ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ፊቴን ገርመም አድርገው፣ «ተወው ልጄ፣ መናገር አይችል ይሆናል» አሉት። ረዳቱ ደነገጠና መልሴን በሁለት እጁ አቀበለኝ። በዚህ ደረጃ ጽማዌ አዋጭ መስላ ነበር።

መሥሪያ ቤቴ ሳር ቤት ነው። የአዲስ አበባ ታክሲ ደግሞ የሚቆመው በአንድ ቃል ብቻ ነው። ደወል የለውም፤ የሚጎተት ገመድ የለውም። «ወራጅ አለ!» ያላለ ሰው ወራጅ አይደለም። መካኒሳን ስናልፍ፣ ሌላ ሰው ሳር ቤት ይወርድ ይሆናል ብዬ ጸለይኩ። ማንም አልወረደም። የበሩን ብረት ኳ ኳ አደረግሁ፤ ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። ሳር ቤት አለፈ። የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ መጣ፤ እሱም አለፈ። እጄን ማወናጨፍ ስጀምር እኚያ እናት ነገሩ ገባቸውና ድምፃቸው ታክሲውን ሰነጠቀው፤ «ወራጅ አለ! ኧረ ቁም! ልጁ መናገር አይችልም!»

ታክሲው ቆመ። ረዳቱ ቀድሞኝ ወርዶ ክንዴን ያዘኝ። የከፈልኩትን ሒሳብ ኪሴ ውስጥ መልሶ ከተተልኝና፣ «በርታ ወንድሜ፤ ፈጣሪ ያውቃል» አለኝ። በዚህ ጊዜ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። እናቴ ሁለት ጊዜ ደውላ ካላነሳሁ ሦስተኛውን የምትደውለው ለዘመድ ሁሉ ነው። «አቤት፣ እማዬ» አልኩ።

ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስትንፋሱን ዋጠ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት እልል አለች። «ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ቀን!» አሉ እኚያ እናት፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ከሁሉ ረዳቱ ቀድሞ ነቃ። «ተአምሩ ከተፈጸመ እንግዲህ ሒሳቤን መልስልኝ» አለኝ።

መለስኩለት። ከሜክሲኮ አቅራቢያ ወደ ሳር ቤት በእግሬ ተመለስኩ።

ከጽማዌ ጋር አብሬ የያዝኩት የጸሎት ሰዓታትን ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። እያንዳንዱ የሚያስታውሰው ነገር አለ። በ6 ሰዓት ጌታ ተሰቀለ፤ በ9 ሰዓት ነፍሱን ሰጠ፤ በ11 ሰዓት ተቀበረ። ገዳም ውስጥ ደወል ሲደወል የሰማው ሁሉ የያዘውን አስቀምጦ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል። እኔም ደወሉን ስልኬ ውስጥ አስገባሁት። መነኮሳቱን ማስገባት አልቻልኩም።

በ3 ሰዓቱ ደወል ባንክ ውስጥ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ባንክ ውስጥ ስልክ ማውጣት ክልክል ነው፤ ደወሉን ለማጥፋት ደግሞ ስልኩን ማውጣት ያስፈልጋል። ጥበቃው እስኪደርስ ድረስ ኪሴ ውስጥ አንድ ሙሉ ደብር ሲደወል ቆየ። ከሰልፉ አስወጣኝ፤ ተራዬም ሄደ። በ9 ሰዓቱ ደወል ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ኃላፊያችን የሩብ ዓመቱን ወጪ እያብራሩ፣ «ይህን በጀት የጨረሰው ማነው?» ብለው ሲጠይቁ ደወሉ ከኪሴ ተነሳ። የስብሰባው ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ወዲህ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ስሜን ትተው «ደብሩ» ይሉኛል።

ምግቡንም እስከ 9 ሰዓት አልቀምስም ብዬ ነበር። ይህ የታወቀ፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ብዙ ሰው የማያደርገው ነገር እኔ የጨመርኩት ነው፤ 9 ሰዓት ሲሞላ ጥቂት ቆሎና ውኃ ብቻ፣ ማታም ያው። ሽሮው፣ ስልጆው፣ የሱፍ ፍትፍቱ ለደካሞች ይሁን ብዬ ተውኩት። ውጤቱ ቶሎ ታየ። ከባልደረባዬ ጋር በወረቀት መቅደጃ ተጣላሁ። በያይነቱ የሚበሉትን ሰዎች በር ላይ ቆሜ በትዝብት አየኋቸው። ሆዴ ማጉረምረም ሲጀምር ደግሞ ራሴን በቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ አጽናና ነበር።

የዮሐንስ አፈወርቅ ታሪክ ግን ለእኔ ዓይነቱ ሰው ጥሩ መጽናኛ አይደለም። በወጣትነቱ ከአንጾኪያ ወጣ ብሎ በተራራ ላይ መንኖ ኖሯል። ለዓመታት ከአንድ አረጋዊ መነኩሴ ሥር ሆኖ ቆየ፤ ያ መልካም ነበር። ከዚያ ብቻውን ዋሻ ገብቶ፣ ሁለት ዓመት ያህል ራሱን እንቅልፍ ነስቶ፣ ጀርባውን ሳያሳርፍ መጻሕፍትን በቃሉ ሲያጠና ሆዱና ኩላሊቱ ተጎዱ። ጤናው ሲታወክ ወደ ከተማ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ381 ዲቁና፣ በ386 ቅስና ተቀበለ፤ በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ሆዱ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተሻለውም። እኛ አፈወርቅ የምንለው፣ ከ14ቱ ቅዳሴያችን አንዱ በስሙ የሚጠራለት፣ ለድሃ ጠበቃ ሆኖ ቤተ መንግሥቱን ያስቆጣው ዮሐንስ በዋሻው ውስጥ አልተፈጠረም። ከተማ ውስጥ፣ በሽተኛ ሆኖ፣ ከሚያስቸግሩት ሰዎች መሐል ነው የተፈጠረው። ይህን ሳነብ የታሪኩን መጽሐፍ ዘጋሁት። ለጊዜው የሚመቸኝ ታሪክ አልነበረም።

አሁን ወደ ስግደቱ እንምጣ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመንፈቀ ሌሊት ስልኬ ሲደወል ተነስቼ እሰግዳለሁ። ስግደቴ ደግሞ ባለ ሙሉ አካል ነው፤ ጉልበት፣ ክርን፣ ግንባር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ የእኔ ወለል የታችኛው ፎቅ ጣራ መሆኑን ማር ይስሐቅ አልጻፈውም። በረሃ ውስጥ የታችኛው ፎቅ የለም።

ከሥሬ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ሙስሊም አረጋዊት ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሳምንቱ ከመጋመሱ በፊት ሌሊት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሻርፓቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ኳስ ነው የምትጫወተው?»

«ኧረ አይደለም እማማ፤ እየሰገድኩ ነው።»

ጥቂት ዝም ብለው አዩኝ። በቀን አምስት ጊዜ ግንባራቸውን መሬት የሚያስነኩ ሴት ስለሆኑ በስግደት አይከራከሩም።

«መስገዱንስ ስገድ፤ እኛም እንሰግዳለን። ግን ከተራዊህ ተመልሼ ገና ጎኔን ሳሳርፍ ትጀምራለህ፤ ስትጨርስ ለሱሁር መነሻዬ ይደርሳል። ጾሙን አብረን ይዘናል ልጄ፤ እንቅልፉን ግን ለየብቻ እንያዘው።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ተመልሰው ሲወርዱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ውስጤ ሌላ ነገር ይል ነበር። ቅዱሳንን ሌሊት የሚፈትን ማን እንደሆነ ከገድላቱ አውቃለሁ፤ ሻርፕ ለብሶ መምጣቱ ብቻ ነው አዲስ የሆነብኝ። በነጋታው ማታ የልጅ ልጃቸው አንድ ያረጀ ስጋጃ ተሸክሞ መጣ። «አያቴ ጉልበትህ እንዳይጎዳ ብላ ነው» አለኝ። ትንሽ አሰበና፣ «የእሷም ጆሮ እንዳይጎዳ» ብሎ ጨመረበት። ስጋጃውን አነጠፍኩ። ድምፁ ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ቅዳሜና እሑድ ስግደት ስለሌለ ቢያንስ በእነዚያ ሌሊቶች ሦስተኛው ፎቅ ተኝቶ ያድራል ብዬ ተጽናናሁ።

በሳምንቱ መጨረሻ የንስሐ አባቴ ቤቴን ጸበል ሊረጩ መጡ። ደረጃው ላይ ከጎረቤቴ ጋር ተገናኝተው ኖሮ እኔ ዘንድ ሲደርሱ የማያውቁት ነገር አልነበረም። መስቀላቸውን ተሳለምኩ፤ ተቀመጡ፤ ስጋጃውን አዩት።

«ቀኖናውን ማን ሰጠህ?» አሉኝ።

«መጽሐፍ ነው፣ አባቴ።»

«የቱ መጽሐፍ?»

ማር ይስሐቅን አቀበልኳቸው። ሳም አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «መጽሐፉ ቅዱስ ነው፤ ግን እጅ የለውም። ሲከብድህ አያግዝህም፤ ስታጋንን አይቆጣህም። ደግሞስ ሁዳዴን ስትጀምር የመጀመሪያው ሳምንት የማን ጾም እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ዘወረደ ነዋ።»

«የማን ነው አልኩህ?»

ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ሊቃውንቱ የሚተርኩትን የሕርቃልን ታሪክ አነሱልኝ። ሕርቃል በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቢዛንታይን ንጉሥ ነበር። ፋርሶች ኢየሩሳሌምን ወግተው ቅዱስ መስቀሉን በማረኩ ጊዜ ምእመናኑ መስቀሉን እንዲያስመልስ ለመኑት። እሱም ነፍስ የገደለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንዲጾም የሚያዝዘውን ሥርዓት ፈራ። «የአንተ ዕድሜ ለዚህ ሁሉ ጾም አይበቃም፤ እኛ ተከፋፍለን እንጾምልሃለን» አሉት። ዘምቶ መስቀሉን አስመለሰ፤ እነሱም ጾሙለት። ጾመ ሕርቃል የሚባለው ይህ ነው፤ ከ55ቱ ቀናት የመጀመሪያው ሳምንት።

«እንግዲህ ሁዳዴ የሚጀምረው ለሌላ ሰው በመጾም ነው» አሉ የንስሐ አባቴ። «አንተ ግን በዚያው ሳምንት ሌላ ሰው እንቅልፍ እንዲጾምልህ አደረግህ።»

ከዚያ ቀኖናዬን ነገሩኝ። ጾሙን ከመሥሪያ ቤቴ ጾመኞች እኩል እንድጾም፤ ምግቡንም ከእነሱ ጋር አንድ ገበታ ላይ እንድበላ። ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እንዳደርስ። ስግደቱን ቀንሼ፣ ከመተኛቴ በፊት፣ ስጋጃው ላይ እንዳደርገው። የስልኩን ደወል እንዳጠፋ፤ የመንፈቀ ሌሊቱን ብቻ ግን እንዳላጠፋ።

«ለምን አባቴ?»

«በዚህ ግቢ ውኃ የሚመጣው ሌሊት ነው ብለውኛል። ከታች ብቻ ነው የሚመጣው። ሴትየዋ ጉልበታቸው ታሟል፤ ልጁ ትንሽ ነው። ተነስተህ ጀሪካናቸውን ሞልተህ ታወጣላቸዋለህ።»

«እሱ ቀኖና ነው?»

«ሞክረውና ንገረኝ።»

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይዞ ሦስት ፎቅ መውጣት ምን እንደሚመስል ኮንዶሚኒየም የኖረ ያውቀዋል። በዚህ ጊዜ ስለሆነው ነገር ሊቃውንቱን መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ ጽማዌ በራሷ መጣች። ሁለት ጀሪካን ይዞ ደረጃ የሚወጣ ሰው አይናገርም። በሰው አይፈርድም። የጾም ኬክ ጾም ይገድፋል አይገድፍም ብሎ አይከራከርም። የሚያስበው ስለሚቀጥለው ደረጃ ብቻ ነው። ጎረቤቴ በራቸው ላይ ቆመው ውኃውን ሲቀበሉኝ፣ «አላህ ይቀበልህ» ይላሉ። ረመዳን ወጥቶም ቀጠልኩ፤ ጉልበታቸው የረመዳን ብቻ አልነበረማ።

ልባዌን እና ጣዕመ ዝማሬን በተመለከተ የማቀርበው ሪፖርት የለኝም። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው፣ ማዕረጉን የሚያውቅ የደረሰበት ነው፤ የደረሰበት ደግሞ አይናገርም ብለው ዘጉኝ።

ከበረሃ አባቶች ታሪኮች መሐል አንዱ ከዚያ ወዲህ ይገርመኛል። የመነኮሳት አባት የሚባለው ቅዱስ እንጦንስ በግብፅ በረሃ ሳለ ከእርሱ ጋር የሚተካከል ሰው ከተማ ውስጥ እንዳለ ይገለጥለታል። ሰውየው ሐኪም ነው። ከኑሮው የተረፈውን ለድሆች ይሰጣል፤ በየዕለቱም ፈጣሪውን ያመሰግናል። ታሪኩ በዚሁ ያልቃል። ሐኪሙ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ስንት እንደሚሰግድ፣ ምን እንደሚበላ አልተጻፈም። ተጋድሎውን የምናውቅለት የመነኮሳት ሁሉ አባት እንጦንስ፣ ስሙ እንኳ ካልተጻፈ የከተማ ሰው ጋር እኩል ነህ ተባለ። ታሪኩን የጻፉልንና ያቆዩልን ደግሞ ራሳቸው መነኮሳት ናቸው።

አባቶቻችን ለከተማና ለባላገር ሰው የሠሩትን ሥርዓት ስመለከት አንድም ነገር ለብቻ እንዲሠራ አልተሠራም። ጾሙ የሁሉ ነው፤ ቀኑን ማንም አይመርጠውም። የጽዋ ማኅበሩ በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። የሚካኤል ማኅበርተኛ ከሆንክ ወር በገባ በ12 የማትወደው ሰው ቤት ሄደህ ዳቦውን ትቆርሳለህ፤ ተራው ሲደርስ እሱም አራተኛ ፎቅ እያለከለከ ይወጣልሃል። እኛ ማኅበር ውስጥ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚከፍት ሰው አለ። ለዓመታት ታግሠነዋል፤ እሱም እኛን ታግሦናል። ትዕግሥት የምትባለውን ነገር በመጽሐፍ አንብቤአታለሁ፤ ያየኋት ግን እዚያ ቤት ነው።

ስቅለትን ተመልከቱ። ቀኑን ሙሉ ሲሰገድ ይውላል፤ ማታ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ይቆማሉ። ምእመኑ ጎንበስ ብሎ የገደፈውን ጾም፣ የበደለውን ይናገራል፤ ጀርባው በወይራው ቸብ ቸብ ይደረጋል፤ ይህን ያህል ስገድ ይባላል። በዚያ ሰልፍ ላይ ሚኒስትርም ሊስትሮም ጀርባው ለሌላ ሰው ነው የሚሰጠው። ራሱን የሚጠበጥብ ሰው እስካሁን አላየሁም። ቁጥሩንም ራሱ የሚወስን የለም፤ ራሳችን ብንወስን ግማሻችን እንቀንሳለን፣ ግማሻችን እናበዛለን። የሚያበዛው ከሚቀንሰው እንደማይሻል ሦስተኛው ፎቅ ምስክር ነው።

በ2016ቱ ስቅለት እኔም ጎንበስ ብዬ ስለ ታክሲው፣ ስለ ባንኩ፣ ስለ ወረቀት መቅደጃው ዘረዘርኩ። ቄሱ አያውቁኝም። ሰምተው ሲጨርሱ ወይራው ትንሽ ቆየ፤ ሳቃቸውን የዋጡ መሰለኝ። የሰጡኝ ስግደት ከጠበቅሁት በጣም ያነሰ ነበር። ከፋኝ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ እኔ መምህር አይደለሁም፤ ምክሬም የሒሳብ ሠራተኛ ምክር ነው። በእምነት ማደግ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሚያውቀው ሰው ነው፤ አቅሙን መዝኖ ይህ ይበቃሃል፣ ይህ ይቅርብህ የሚለው። መጽሐፍ ግዙ፤ ማር ይስሐቅንም አንብቡ፤ ከምታነቡት ላይ የቱን ዛሬ እንደምትጀምሩ ግን ለራሳችሁ አትወስኑ። የምትጀምሩት ነገር ትንሽ ይሁን፤ በየቀኑ የሚሠራ ይሁን፤ ከቤታችሁ በር ቅርብ ያለ አንድ ሰውም ይጠቀምበት። የንስሐ አባት ያላችሁ ደውሉላቸው። የሌላችሁ ደግሞ የሚመጣው ሁዳዴ ሳይገባ አጥቢያችሁ ሄዳችሁ ያዙ።